ከዋሽንግተን ኮተቤ ስንት ሰዓት ነው?

እኔን የመሰለ ሰው «ስንት ሰዓት ነው የምትደርሺው?» ብሎ ከሚጠይቅ ሞቱን ይመርጣል። መንገድ ሲጠፋኝ አልጠይቅም፤ መድኃኒት ስገዛ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አላነብም፤ አልጋ ገጣጥሜ ስጨርስ የሚተርፉኝን ብሎኖች «መለዋወጫ ናቸው» ብዬ መሳቢያ ውስጥ እከታቸዋለሁ። (ያ አልጋ ዛሬም በተገላበጥን ቁጥር ያቃስታል፤ የሱን ነገር ሌላ ቀን አጫውታችኋለሁ።) እንግዲህ ባለፈው ታኅሣሥ አክስቴ ከአሜሪካ ደውላ «ማክሰኞ ልመጣ ነው፤ አስር ተኩል ላይ ነው የምነሳው» ስትለኝ፣ ጤነኛ ሰው «እዚህስ መቼ ትገቢያለሽ እትዬ?» ይላል። እኔ ግን «በቃ፣ ቦሌ ቆሜ ነው የምታገኚኝ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። ዘግቼም ማስመሪያ ፍለጋ ገባሁ።

አክስቴን ካየኋት 19 ዓመት ሆኖኝ ነበር። የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እንጀራውም ቅዳሴውም ደጇ ስለሆነ አሜሪካ መሆኗ ትዝ የሚላት በረዶ ሲጥል ብቻ መሆኑን ትናገራለች። ከዚያ ሰፈር ወደኛ የሚመጣ ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ይገባና ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይሳፈራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው የምትደርስበትን ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ይፈታዋል ብዬ ነው። ርቀት ሲካፈል ለፍጥነት፣ እኩል ይሆናል ጊዜ። መምህራችን ይህን ሲያስተምሩን ምሳሌያቸው ሁልጊዜ ከደብረ ብርሃን የሚነሳ አንድ አውቶቡስ ነበር። ያ አውቶቡስ አዲስ አበባ ሲገባ አይቼ አላውቅም፤ መንገድ ላይ እያለ ደወል ይደወላል።

ልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ተለጥፏል። ጫማዬን አውልቄ አልጋዋ ላይ ወጣሁና ለካሁት፤ ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር። ምድር በወገቧ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ስለዚህ አንዷ ሴንቲ ሜትር 667 ኪሎ ሜትር መሆኗ ነው። ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ማስመሪያውን ጋደም ሳደርገው አትላንቲክን ቁልቁል አቋርጦ፣ ሰሃራን ሰንጥቆ፣ ልክ 20 ላይ አረፈ። ትርፍራፊ የለ፣ ነጥብ የለ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር ሲገጥመኝ የእግዚአብሔር እጅ ያለበት ይመስለኛል። 13,340 ኪሎ ሜትር ወጣ። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራሉ፤ አካፈልኩ፤ 14 ሰዓት ከ49 ደቂቃ።

ከዚያ የሰዓቱ ልዩነት አለ። አሜሪካኖቹ ሙቀታቸው ሲመጣ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉት ዋሽንግተንና አዲስ አበባ አንዳንዴ በ7፣ አንዳንዴ በ8 ሰዓት ይለያያሉ። ታኅሣሥ ላይ 8 ነው። እነሱ ከኛ ወደ ኋላ ናቸው። ወደ ኋላ የሆነ ነገር ደግሞ ይቀነሳል። አስር ተኩል ላይ 14 ከ49 ደመርኩ፣ 8 ቀነስኩ፣ ከዚያ ለቀኑ ድርሻውን አሥራ ሁለት ሳወጣለት ማክሰኞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ19 ደቂቃ መጣልኝ። ወረቀቱ ላይ ሁለቴ አሰመርኩበት።

ልጄ በሩን ተደግፋ አልጋዋ ላይ መቆሜን ስታይ ቆይታ፣ «አባዬ፣ 14 ሰዓት ተጉዛ በተነሳች በ7 ሰዓቷ ትደርሳለች ማለት ነው?» አለችኝ።

«አውሮፕላን ነው እኮ» አልኳት።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች የተባለላት ሴትዮ በአባቴ በኩል ሳትዛመደኝ አትቀርም።

ሒሳቡን በሆዴ ይዤው ቢሆን ውርደቱ የቤት ውስጥ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን «አምስት ሰዓት አካባቢ ትገባለች» ያለ ሰውና «አምስት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ» ያለ ሰው እኩል አይታመኑም፤ ሰውን የምታሳምነው ያቺ ደቂቃዋ ናት። እኔም ደቂቃዋን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩት። ማክሰኞ ማታ በተኮናተርኩት ሚኒባስ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ሞላ፤ ባለቤቴ፣ ልጄ፣ የዕድራችን ዳኛ ከነቤተሰባቸው፣ ብርቱካን በዘንቢል የያዙት የጎረቤታችን እማማ፣ እና ሜካኒኩ ጋሼ።

ስለ ጋሼ ትንሽ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማንኛውንም ወሬ፣ የሽንኩርት ዋጋም ቢሆን፣ የሚጀምሩት ከመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገበት ቀን ነው። መጨረሻው ደግሞ ነሐሴ 2004 ነው፤ ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ከአፍሪካ መጀመሪያ ለኛ የመጣበት ወር። በመሃል ያለውን አንድም ዓመት አይዘሉም። ከኮተቤ ስንነሳ ካይሮ ነበርን፤ ቦሌ ስንደርስ ጄት አውሮፕላን ገና አልተገዛም።

ቦሌ ላይ ተቀባይ የሚቆመው ውጭ ነው። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ደግሞ እንኳን ለእማማ ለሾፌሩም አላዘነም። 5 ሰዓት ከ19 ሆነ። ሁላችንም ዓይናችንን በሩ ላይ ተከልን። ሻንጣ የሚገፋ ብዙ ሰው ወጣ፤ ከቤይሩት የመጡ ልጆች፣ ከዱባይ የመጡ ነጋዴዎች፣ አገር ሊጎበኙ የመጡ ፈረንጆች። አክስቴ የለችም። አምስት ተኩል። ስድስት። እማማ እልል ለማለት ሁለቴ አፋቸውን ከፍተው ሁለቴም በማዛጋት ዘጉት። የዕድሩ ዳኛ ሰዓታቸውን ባያዩም እጅጌያቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ ሰማኋቸው፤ እጅጌ እንደሚሰማ ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው።

ስድስት ተኩል ላይ ጋሼ ከጎኔ መጥተው፣ «ለመሆኑ እንዴት አድርገህ ነው ያሰላኸው?» አሉኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በስልኬ መብራት አነበቡት። ዝም አሉ። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደ ሚኒባሱ ሄዱና ከእማማ ዘንቢል አንድ ብርቱካን አነሱ፤ ራባቸው ብዬ ነበር።

ብርቱካኑ ላይ ሁለት የክብሪት እንጨት ሰኩበት። «ይቺ ዋሽንግተን፤ ይቺ ቦሌ» አሉ። እማማ ሳያስተውሉ ከነጠላቸው ዘርፍ አንድ ክር መዘዙና ከእንጨት እንጨት ወጠሩት። «ምድር ካርታ ናት እንዴ ልጄ? ድቡልቡል ናት። እስቲ የክሩን መንገድ እይ።» አየሁ። ክሩ እንደኔ ማስመሪያ ወደ ሰሃራ ቁልቁል አልወረደም። ከዋሽንግተን ሽቅብ ወደ ሰሜን ቀና አለ፤ አትላንቲክን በላይ በኩል ተሻገረ፤ ፖርቱጋልና ስፔንን ነክቶ፣ የሜዲትራኒያንን ባሕር አቋርጦ፣ በሊቢያና በሱዳን አድርጎ ወደኛ ወረደ። ጠማማ የሚመስለው ነው አጭሩ። ጠፍጣፋ ካርታ ከምድር ወገብ በራቅን መጠን አገሩን እየለጠጠ ነው የሚያሳየን፤ እኔ የለካሁት ልጠጣውን ነው። እውነተኛው ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አክስቴን በማስመሪያ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል አለአግባብ አንከራትቻታለሁ፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ደርሶ የሚተርፍ መንገድ ነው።

«ላይ ላዩን ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ» አሉ ጋሼ፤ «ወደኛ የሚመጣውን ከኋላው ይገፋዋል። 13 ሰዓት ግድም ነው፤ የትም ሳያርፍ።»

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ሾፌሩ ግን «ሲሄድስ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያለ አይመስለኝም፤ ብርዱን ረስተው ኮታቸውን ከፈቱ። ሲሄድ ሌላ ነው አሉት። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚደገፈው፣ ሞተሩም የሚውጠው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ ሰውና ጭነት ሞልቶ፣ በላዩ ላይ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ባንድ ዘመን ሮም፣ ባንድ ዘመን ደብሊን፣ ቆይቶም ሎሜ። ነፋሱም ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ሲሄድ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዳለስ ግን ከባሕሩ 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ ከዚያ ሲነሳ ታንከሩን ጢም አድርጎ አንዴ ብድግ ነው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «የኔም መኪና ሰው ከሞላ እንጦጦን አትወጣም» አለ፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ጓደኛ ሆነው ቀሩ።

«ስምንቱንስ ለምን ቀነስከው?» አሉኝ ጋሼ፣ ወደኔ ተመልሰው።

«እነሱ ወደ ኋላ ናቸዋ!»

«ከኋላ ወዳለው ስትሄድ ነው የምትቀንሰው። ወደኛ ስትመጣ ትደምራለህ። ፀሐይ የምትወጣው ቀድማ በኛ ነው።»

እዚያው፣ ሚኒባሱን ተደግፌ፣ በስልኬ ካልኩሌተር እንደገና ገባሁበት። አስር ተኩል፣ ሲደመር 13፣ ሲደመር 8፣ ሠላሳ አንድ ተኩል። አንድ ሙሉ ቀን 24 ሲወጣለት ሰባት ተኩል። ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል! ጋሼ «አስር ተኩሏን እርግጠኛ ነህ?» ሲሉኝ «ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ከራሷ አፍ ነው።

ይሄኔ እማማ ከመኪናው ውስጥ፣ «ከአሜሪካ የሚመጡት እኮ ጠዋት ነው የሚገቡት። የልጅ ልጄ የመጣች ጊዜ ቁርስ ላይ ነው የደረሰችብን» አሉ። ማናችንም አልሰማናቸውም። እሳቸው ቁጥር አልያዙማ፤ የያዙት ብርቱካን ነው።

እንደዚያም ሆኖ ዘጠኝ ሰው በብርድ ያስመታ ሰው ትንሽ ይለሰልሳል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቅ ወሰንኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ፤ እዚያው ያደገ ልጅ ነው፣ አማርኛው ንጹሕ ነው ግን እንደ ተበደረ ዕቃ ተጠንቅቆ ነው የሚያወጣው። «ሄዳለች፣ ሸኝቻታለሁ» አለኝ። አሰብኩ፤ እዚያ አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ልክ ነው፣ ከተነሳች ግማሽ ሰዓቷ ነው። «እዚህ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» አልኩት።

«ሰባት ተኩል» አለኝ።

ስልኩን ሳምኩት። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በብርቱካንና በክር፣ አንዱ በትኬት፣ አትላንቲክን በመሃላቸው አድርገው፣ በደቂቃ እንኳ ሳይለያዩ አንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ! ለሁሉም ነገርኳቸው። ዳኛው እንኳ እጅጌያቸውን ለቀቁ። «በቃ፣ ነገ ሰባት ተኩል» ብለን በደስታ ተመለስን። በኋላ ሳሰላው፣ ስልኩን ስስም አክስቴ ስድስት ሰዓት ተኩል በርራ መንገዷን እኩል አጋምሳ ነበር፤ በጋሼ ብርቱካን ላይ የእማማ ክር ፖርቱጋልንና ስፔንን የነካበት ቦታ አካባቢ መሆኗ ነው።

እናንተ ነገሩ ገብቷችሁ እየሳቃችሁ ይሆናል። ለኔ የገባኝ በማግስቱ ማታ ነው።

ረቡዕ ስነሳ መብራት የለም። ስልኬ ሌሊቱን ካልኩሌተርም ፋኖስም ሆኖ ስላደረ ሁለት ሦስት በመቶ ቀርቶታል፤ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እሱም የለም። ግድ የለም አልኩ፤ የማውቀውን ሰዓት ማን ደውሎ ይነግረኛል? ባለቤቴን ሳልቀሰቅስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ብዙ ጉዳይ ነበረብኝ፤ ፀጉር፣ ድፎ ዳቦ፣ አበባ፣ ጫማ። ሾፌሩንም መንገድ ላይ አግኝቼ «ሰዎቹን በ6 ሰዓት ተኩል ከሰፈር አንሳና ቦሌ አምጣልኝ፤ እኔ በዚያው እመጣለሁ» አልኩት።

ፀጉር ቤት ስቀመጥ የመጀመሪያው ደንበኛ ነበርኩ። ፀጉር ማለቴ ለወጉ ነው፤ አክስቴ የተለየችኝ ጎፈሬ እያለኝ ነው፣ አሁን የቀረውን ጆሮዬ አካባቢ ያለው ይቁጠረው። ፊቴ በአረፋ እንደ ተሸፈነ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው፣ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ሲያልፍ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከአንገቴ አንስቶ፣ «ይሄ ከየት ይሆን የሚመጣው?» አለኝ።

እንግዲህ እኔ የሌሊቱ ትምህርት ገና አልበረደልኝም። ስለ ድቡልቡሏ ምድር ነገርኩት፤ ስለ ነፋሱ ነገርኩት፤ የሜዲትራኒያንን ባሕር አሻገርኩት። ሲያበቃ፣ «ይሄ ከየትም ይምጣ፣ የኔዋ ግን በዚህ ሰዓት ገና በባሕሩ ላይ ናት» አልኩት። ያ አውሮፕላን የእሷ ነበር ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። እሷ ግን ከማረፏ በፊት በመስኮት የኮተቤን ቆርቆሮ እንዳየች ትምላለች።

ከሱቅ አንድ የሳሙና ካርቶን ለምኜ ቀደድኩና በወፍራም እስክሪብቶ «አክስቴ» ብዬ ጻፍኩበት። ለምን ስሟን አልጻፍክም ትሉኛላችሁ። ለአክስት ስም መጻፍ ድፍረት መሰለኝ፤ ደግሞም ራሰ በራ ሆኜ ካላወቀችኝ በዚህ ታውቀኛለች ብዬ ነው። በዓለም ላይ ያለች ሴት ሁሉ የአንድ ሰው አክስት መሆኗ ትዝ አላለኝም።

ስድስት ተኩል ላይ ቦሌ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ አበባ፣ በአንድ እጄ ካርቶን፣ ድፎውን በብብቴ። ሚኒባሱ የለም። «የሐበሻ ቀጠሮ!» አልኩ በሆዴ። ሰባት ሆነ፤ ከሰፈሬ ሰው አንድ እንኳ ብቅ አላለም። ጭራሽ ተናደድኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ የቆሙትን ሰዎች በቀን ብርሃን ምን አስቀራቸው? እንዲህ ያለ ሰፈር አይገባኝም ብዬ ከዕድሩ ለመውጣት ሁሉ አሰብኩ።

ሰባት ተኩል። ካርቶኔን ከፍ አደረግሁ። መጀመሪያ የመጣው አንድ ሰውዬ ነው፤ ከፊቴ ቆሞ ጽሑፉን አነበበና፣ «አልጋ በቀን ስንት ነው?» አለኝ። የእንግዳ ማረፊያ ስም መስሎት ነው። እንዳልሆነ ስነግረው ቅር ብሎት፣ «ቁርስ ይጨምራል?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ሁለት ወጣት ሴቶች ፈገግ እያሉ አለፉኝ። ከዚያ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ትልቅ እናት ካርቶኑን አይተው፣ ጋሪያቸውን ለቀው፣ «ልጄ! እንዲህ ከሳህ?» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እያለቀሱ ነው የሳሙኝ፤ አራቴ። ምን ላድርግ? አለቀስኩ። አበባውን ሰጠኋቸው። ሰውነቴ ለ19 ዓመት ያጠራቀመው ለቅሶ ነው እንጂ አክስቴ አለመሆናቸውንስ አላጣሁትም፤ አክስቴ ረጅም ናት። ጋሪያቸውን ይዤ መግፋት ጀምሬ ነበር፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ሮጦ መጥቶ «እታባ!» ሲል እሳቸውም እኔም ደነገጥን። ሰውየው እኔን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ሻንጣውን ቆጠረ። ቆጠራው ነው እስካሁን የሚያመኝ። አበባውን መልሱልኝ አልልም ነገር፤ ይዘውት ሄዱ።

እስከ አሥር ሰዓት ቆምኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ዘበኛው ከፀሐዩ ወደ ጥላው ጠጋ እንድል ነገረኝ፤ ዘጠኝ ላይ ድፎውን ከዳር ዳር ቆረስ ቆረስ አድርጌ መብላት ጀመርኩ። አሥር ላይ አክስቴ ሐሳቧን ቀይራ ቀርታለች ብዬ ደመደምኩ። ቀርታ ነው እንጂ እኔ ሒሳብ ስቼ ነው ማለት አልመጣልኝም።

ታክሲ ተሳፍሬ ኮተቤ ወረድኩ። ወደ ቤት ስቀርብ የተቆላ ቡና ሸተተኝ፤ ሚኒባሱ ከበራችን ጎን ቆሟል። ወይ ድፍረት! እኔን ቦሌ ላይ አስቁመው እነሱ ቤቴ ቡና ያፈላሉ! በሩን በካርቶኑ ጠርዝ መታሁት። የእግር ኮቴ መጣ። በሩ ተከፈተ።

አንዲት ረጅም ሴትዮ የባለቤቴን ሽርጥ አገልድማ፣ ከራሰ በራዬ እስከ ጫማዬ አየችኝና በትሕትና፣ «ማንን ልበል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ካርቶኑን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ውስጥ ዘጠኙም ነበሩ፤ ሾፌሩም እንጀራ ይዞ ከጋሼ አጠገብ ተቀምጧል። አክስቴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አርፋ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታ፣ አንድ ሰዓት ጠብቃ፣ የተዘጋ ስልኬን ስትደውል ቆይታ፣ ታክሲ ይዛ መጥታለች። ቁርስ ላይ ደርሳባቸዋለች። እማማ ይህ ሁሉ ሲነገረኝ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ብርቱካን ነበር የሚልጡት፣ በጣም ቀስ ብለው።

ማታ መብራት ሲመጣ ልጄ ስልኬን ሰካችና ቴሌግራሜን ከፈተችው። አክስቴ በየማለዳው አበባና ሻማ ያለበት የምርቃት ሥዕል ስለምትልክልኝ ድምፁን ዘግቼው ነበር፤ አምላኬ ይቅር ይበለኝ። ከምርቃቶቹ መሃል ከሁለት ሳምንት በፊት የተላከ የትኬት ፎቶ ወጣ። መነሻ 10:30፣ ከጎኑ የጠዋት ምልክት። መድረሻ 7:30፣ እሱም የጠዋት፤ ከአጠገቡ ደግሞ +1።

«ይቺ +1 ምንድን ናት? ሰው ይዛ ነበር እንዴ?» አልኩ።

«በማግስቱ ማለት ነው አባዬ» አለች ልጄ።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። የኛ ሰዓት የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ የእነሱ እኩለ ሌሊት ላይ። በመሃላችን ስድስት ሰዓት አለ። አክስቴ «አስር ተኩል» ስትለኝ የምትናገረው የአሜሪካዋን ነው፤ በኛ ከጠዋቱ አራት ተኩል ማለት ነው። እኔ የሰማሁት የኮተቤን የከሰዓት አስር ተኩል። ልጇም «ሰባት ተኩል» ሲለኝ በኛ አንድ ተኩል ማለቱ ነው። መነሻው ላይ ስድስት ሰዓት ስቻለሁ፣ መድረሻው ላይም ስድስት ሰዓት ስቻለሁ፤ ሁለቱ ስሕተቶች ተቃቅፈው እንደ እውነት ፊቴ ቆሙ። ጋሼን በወቀሳ ዓይን አየኋቸው። «እኔ ሞተር እንጂ ሰዓት አልጠግንም» አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላ አክስቴ ተረተችብኝ፤ ከዚያ ከተረፈው ድፎ ቆርሳ አጎረሰችኝ። የዕድሩ ዳኛ ካርቶኑን ለማስታወሻ ብለው ወሰዱት፤ ባለፈው ስብሰባ ላይ ማን እንደ ዘገየ ሲያነሱ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ሲያደርጉት አይቻለሁ።

የምትመለሰው ጥር ውስጥ ነው። የመመለሻ ትኬቷ ላይ 10:30 ይላል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ያነበበችልኝ ልጄ ናት።